የመሪጌታው መልስ

ሙዚቃ ሊማር ቡዳፔስት በገባ በሦስተኛው ዓመት ለአባቱ ለመሪጌታው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አባባ፣ እዚህ አገር መዘምራንን የሚመራ ሰው ካርሜሽተር ይባላል። ካር ማለት የመዘምራን ጓድ ነው፤ ሜሽተር ደግሞ የሙያው ጌታ። እርስዎ መሪጌታ፣ እኔ ካርሜሽተር። ማኅሌቱን ጥሎ ሄደ ብለው ተቀይመውኛል፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

መልሱ በወሩ ደረሰው። የአባቱ ዓይን ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ የሚጽፉላቸው የማኅሌት ጓደኛቸው ቀኝጌታ ጥበቡ ነበሩ። «ቃሉን ወደድኩት ልጄ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ በርታ» ይላል። ያቺን ወረቀት እስኪመረቅ ድረስ ከኪሱ አልለያትም።

አዲስ አበባ በገባ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ያረፈበትን የአክስቱን ቤት ሽማግሌዎች አንኳኩ። ከፊት የቆሙት ቀኝጌታ ጥበቡ የአባቱን መቋሚያ ይዘዋል። ማንም ሳይነግረው ገባው።

አልቅሶ ሲወጣለት ወረቀቷን ከኪሱ አወጣ።

«ይቺን ሲያጽፉዎት ፊታቸው እንዴት ነበር? ከልባቸው ነው ይቅር ያሉኝ?»

ቀኝጌታ መሬት መሬት አዩ።

«ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ልጄ። ያኔ ሙት ዓመታቸውን አውጥተን ነበር።»