በበረሃው ላይ ሦስት ከተሞች

የመጀመሪያዋ የተሳሳተች ከተማ ሰኞ ታየች። ፋርማሲስቷ ምሳ ሰዓት ላይ ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ተቀምጣ በስልኳ ጨዋታውን ስትከፍት፣ አባቷ ካርታው ላይ ሰፋሪዎቻቸውን ነድተው አሸዋ መሀል አስፍረዋቸዋል። ወንዝ የለ፣ ጉብታ የለ፣ ሣር እንኳ የለ።

«ተሳስቶ ነክቶት ይሆናል» አለች ለራሷ።

አባቷ አርባ ዓመት መሬት ሲለኩ የኖሩ ቀያሽ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ይህን የኮምፒውተር ጨዋታ ያስተማረቻቸው እሷ ነች፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ይደቁሷት ጀመር። ጨዋታው በተራ ነው። አንዱ ከተማ ይቆረቁራል፣ ሠራዊቱን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ሌላው እስኪጫወት ይጠብቃል። አባቷ ደግሞ ጨዋታ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ከተሞች ነው ባይ ናቸው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ከፍታ፣ ከዚያ ከጎረቤት አራት እርምጃ መራቅ። ይህን ሕግ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ከኮምፒውተራቸው በላይ ለጥፈውታል።

ጆሯቸው ከከበደ ወዲህ ስልክ አያነሱም። የሚኖሩት የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ርቀው፣ ከአንድ አስታማሚ ጋር ነው። እሷም ሥራ፣ ልጅ፣ ቤት ስትል ካየቻቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ዝንፍ ሳይል፣ ተራቸው ይደርሳታል፤ ከሥሩም «ደህና ነኝ። ተራሽ ነው።» የሚል አንድ መስመር። በከተማ አቆራቆራቸው እጃቸውን ታውቀዋለች። እሱን ባየች ቁጥር ልቧ ይረጋ ነበር።

ረቡዕ ሁለተኛዋ መጣች፤ እሷም በረሃ ላይ፣ ከአንደኛዋ አፍንጫ ሥር። ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛዋ። ሦስቱም በአንድ መስመር ተደርድረው ወደ ፋርማሲስቷ ዋና ከተማ ይመጣሉ። ተራቸው አሥር ሰዓትን መጠበቅ ትቷል፤ ከሥር የሚጻፈው መስመርም ቀርቷል።

ፋርማሲስቷ ፈራች። ካርታውን ባየችው ቁጥር አንድ የማታውቀው ሰው ወደ በሯ የሚራመድ መሰላት።

«ሽማግሌ አይደሉ? ሰልችቷቸው ይሆናላ» አለ ባሏ።

«አባዬ ውሃ በሌለበት ድንኳን እንኳ አይተክልም! ይሄ የሱ እጅ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው የሚጫወተው።»

«ታዲያ እሳቸው የት ሄደው?»

የፈራችውም ይህንኑ ጥያቄ ነበር። ወዲያው አስታማሚው ጋ ደወለች።

«ጋሼ ደህና ናቸው፣ እትዬ» አለ አስታማሚው።

«በቪዲዮ አሳየኝ።»

«አሁን... ተኝተዋል።»

«ጨዋታውን ማነው የሚጫወተው?»

ስልኩ ተዘጋ፤ መልሳ ብትደውል የሚያነሳው ጠፋ።

ዓርብ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ ክፉ ክፉው ነው የታያት። አባቷ አንድ ነገር ሆነዋል። አስታማሚው ደግሞ ቤቱ ውስጥ እንደልቡ ለመኖር ሲል በስማቸው ይጫወታል። ያጋለጠው የገዛ እጁ ነው፤ ከተማ መቆርቆር የት ያውቅና! ሞተው ከሆነ ሬሳቸውን እንኳ አገኝ ይሆን እስከማለት ደረሰች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰች። የቤቱ መጋረጃዎች ሁሉ ተዘግተዋል። አስታማሚው በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተና ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። ገፍትራው ገባች።

አባቷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። በጣም ከስተዋል፣ ግን አሉ።

«አባዬ!»

ዞር ብለው አዩዋት። «እንግዳ መጥታለች፣ ወንበር ስጣት እንጂ» አሉ ለአስታማሚው፤ አሉና ወደ ካርታቸው ተመለሱ።

ፋርማሲስቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ወደ አስታማሚው ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«እርስዎ መጥተው በሄዱ በጥቂት ወሩ። እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር፤ ያኔ ገና ሰው ይለዩ ነበር።»

«እና እስከ ዛሬ ስትጫወትልኝ የኖርከው አንተ ነሃ!»

«አዎ፣ እትዬ። ተራው ከቀረ እርስዎ ይደነግጣሉ ብዬ፣ የለጠፉትን ሕግ እያየሁ ነው የተጫወትኩት።»

እንባዋ ከንዴቷ ቀደመ። «ይኸን ሁሉ ጊዜ ልክ እንደሱ አድርገህ ስትጫወት ኖረህ፣ በዚህ ሳምንት ምን ነካህ? በረሃው ላይ ምን አስኬደህ?»

«የዚህ ሳምንቱ እኔ አይደለሁም፣ እትዬ» አለ አስታማሚው። «ሰኞ ጠዋት ‹ልጄ የት ናት?› ሲሉኝ ካርታው ላይ የእርስዎን ዋና ከተማ አሳየኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማውሱን አልሰጥም አሉኝ።»