ተለማጩ ዘንግ

ጡረተኛው የክሬን ሾፌር በጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ላይ ግትሩን ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ባለ በሌለ ኃይላቸው መቱ። ኳሷ ጥቂት ተንከባልላ ሣሩ ላይ ቆመች። ከታመሙ ወዲህ ክንዳቸው ዝሎ ነበር፤ በጉልምስናቸው የሚኮሩበት ያ የማይታጠፍ የዱላው ዘንግ ዛሬ አልታዘዝ አላቸው። "በቃ፣ ጎልፍም ተሰናበተኝ" አሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ከኋላቸው ቆማ ስታይ የነበረችው ልጃቸው ከመለማመጃው መደርደሪያ ዘንጉ የሚለመጥ ዱላ አምጥታ "አባዬ፣ እስኪ ይቺን ሞክራት" አለቻቸው። ነቅነቅ ቢያደርጉት ጫፉ ተርገበገበ።

"ይቺማ ልምጭ ናት! ከብት ልነዳባት ነው?"

"አንተ አትታገል። ቀስ ብለህ ሰንዝርና የቀረውን ለእሷ ተውላት" አለች ልጅቷ።

የልጅ ነገር ሆኖባቸው እሺ አሉ። ዱላውን በዝግታ ከትከሻቸው በላይ አነሱና ሰነዘሩ። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲለመጥ በመዳፋቸው ተሰማቸው፤ ኳሷ ጋ ሲደርስ ደግሞ ተስፈንጥሮ ቀና አለ። እጃቸው ምንም ያልነካ መሰላቸው። ሽቅብ ሲያዩ ኳሷ ከዛፎቹ ጫፍ አልፋ ገና ወደ ላይ እየወጣች ነበር። በደህናው ጊዜ እንኳ እንዲህ መትተው አያውቁም። ሳያስቡት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረና ኳሷ ጠፋችባቸው።

"የት ወደቀች?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ልጃቸው ፀሐዩን በእጇ ከልላ ሰማዩ ላይ እንዳፈጠጠች "ኧረ ገና አልወረደችም፣ አባዬ" አለቻቸው።