የሐሙሱ ውይይት

ቅዳሜ ከሰዓት ሩባ የሠርግ ጣፋጭ በሳህን ይዛ ወደ ሕንጻቸው አምስተኛ ፎቅ ወጣች። እዚያ የሚኖረው ሰይፍ የክፍሏ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከ«ሰላም» ሌላ ቃል ከአፉ ወጥቶላት አያውቅም። ጣፋጩ ሰበብ ነው፤ የፈለገችው የሐሙሱን ውይይት ነው።

የእንግሊዝኛ መምህርታቸው ሚስ ሀዲል፣ በልብወለዱ ላይ የግል አስተያየታቸውን ጽፈው እሑድ ጠዋት የሳምንቱ ትምህርት ሲጀመር እንዲያስረክቡ ቀደም ብላ አዝዛለች። «ታሪኩን አትተርኩልኝ፤ ሐሙስ ስንወያይ ማን ምን ብሎ ሐሳባችሁን እንደለወጠው ጻፉ። ያልነበረ ሰው ዜሮውን ይቀበል!» ብላለች። ሩባ ሐሙስ ኢርቢድ ከተማ በእህቷ ሠርግ እግሯ እስኪዝል ስትጨፍር ዋለች። ስልኳም የጭማቂ ጆግ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ዜሮ ማለት ዓመቱን መድገም ነው፤ አባቷ ደግሞ በትምህርት ቀልድ አያውቁም። ደግነቱ ሚስ ሀዲል ስም አትጠራም።

በሩን የከፈቱት የሰይፍ እናት ናቸው። «ውይ ሩባዬ! ያንቺንም ያሳየን!» ብለው ሳህኑን ተቀብለው ልጃቸውን ጠሩላት።

«ሰይፍ፣ በሞቴ፣ ሐሙስ ውይይቱ ላይ ምን ተባለ?»

ሰይፍ እሷን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ሐሙስ?»

«አዎ! ሠርግ ላይ ነበርኩ። ለማንም እንዳትናገር!»

«እ… ብዙ ተባለ» አለና ወንበር ሳበላት። «ጻፊ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተናደደ፣ ማን ስቆ ከወንበር እንደወደቀ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራላት። አንዳንዴ ዝም ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ ለማስታወስ ነው። ሩባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ይሄ ዝምተኛ ይህን ሁሉ ጨዋታ የት ደብቆት ኖሯል?

መጽሐፉ ለሚወዳት ልጅ ሳይናገር ስላረጀ መርከበኛ ነው። ሩባ ሰውየውን ፈሪ ነው ባይ ነበረች።

«ዘይድ ግን» አለ ሰይፍ፣ «‹ዝም ያለ ሁሉ አልወደደም ማለት አይደለም፤ የሚናገርበት ሰበብ አጥቶ ይሆናል› አለ።»

«ዘይድ? ያ ክፍል ውስጥ ፈላፈል ሲበላ የሚውለው?»

«እኛንም ገርሞናል» አለ ሰይፍ፣ ጆሮው ቲማቲም መስሎ።

«ሌሎቹንም ልጠይቅ እንዴ?»

«ኧረ ተይ! ወሬው ይወጣብሻል።»

እሑድ ጠዋት ሩባ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲገቡ እንኳ ከእሷ ወረቀት ሌላ አልነበረም። ሰነፎች! አለች በሆዷ።

ሚስ ሀዲል መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ቅንድቧ ተነሳ። ደግማ አነበበች።

«ሩባ፣ ነይ እስቲ። ሐሙስ የት ነበር የተቀመጥሽው?»

ከኋላ አንዱ ሳቁን አፈነ። ሩባ ሰይፍን ጠረጠረች። አሳብቆብኛል ማለት ነው! ሰይፍን ብታየው ፊቱን መጽሐፍ ውስጥ ቀብሯል። አይ ሰው! ያ ሁሉ ሳቅና ጨዋታ ለዚህ ኖሯል? እንባዋ መጣ፣ ግን አንዴ ገብታበታለች።

«ዘይድ ጀርባ ነበርኩ፣ ሚስ። እሱ ከልሎኝ አላዩኝም ይሆናል።»

«ዘይድ፣ ስለ መርከበኛው ይህን ያልከው አንተ ነህ?»

ዘይድ የጎረሰውን እንደምንም ዋጠ። «እኔ? ኧረ ምንም አላልኩም፣ ሚስ! ደግሞ የቱ መርከበኛ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሩባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እንዲህ ያለ ግሩም ጽሑፍ ካነበብኩ ዓመታት አልፈዋል» አለች ሚስ ሀዲል፣ «ግን እኮ ሐሙስ እኔ ታምሜ ቀርቼ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ተበትናችኋል፤ ውይይቱ ገና ዛሬ ነው።»