ጣርማ በር ላይ የተጠጣ ውሃ

ኑርዬ ከሚኒባሱ ወርዶ ከጣርማ በር ዋሻ አፍ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ጠዋት ከሸዋ ሮቢት ሲነሱ ደህና ነበር፤ ሽቅብ ሲወጡ ግን ትንፋሽ አጠረው፣ ሁለቴ አስመለሰው። ሚስቱ ዘሀራ የውሃውን ፕላስቲክ ከፍታ አቀረበችለት።

«ጠጣ።»

«በረመዳን?»

«መንገደኛና በሽተኛ አላህ ፈቅዶለታል። የቆላ ሰው ደጋውን እስኪለምድ ውሃ ይፈልጋል።»

«አንቺስ ሦስት ልጅ ስታጠቢ ተፈቅዶልሽ አልነበር? ፆምሽን ፈታሽ?» አለና ፊቱን አዞረ። «ይልቅ ደብረ ብርሃን እንድረስ፤ ልጃችን አራስ ናት፣ ትጠብቀናለች።»

እውነቱን ነው፤ ዘሀራ ያኔ አልፈታችም። ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያያቸዋል። «ቢስሚላህ» ብላ ፕላስቲኩን ወደ ራሷ አፍ አነሳችና በጠራራ ፀሐይ ጠጣች። ኑርዬ ፈዞ አያት። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ስታደርግ አይቷት አያውቅም።

«ምን አደረግሽ?»

«እኔም መንገደኛ ነኛ። የዛሬውን ምትክ፣ ቀዷውን፣ ከዒድ በኋላ አብረን እንፆመዋለን። እንካ በል።»

ተቀበላትና ቀስ እያለ ጠጣ። እሷ ሾፌሩን ዕቃቸውን እንዲያወርድ ነገረችው፤ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ተመልሰው ያድራሉ፣ ከተሻለው ነገ ይወጣሉ።

«እትዬ፣ ደርሳችሁ እኮ ነው!» አላት ሾፌሩ።

«ልጄ አባቷን በጤናው ነው የምትፈልገው» አለችና የላይ ሻሿን ፈትታ የኑርዬ አንገት ላይ ጠመጠመችለት።

«አራሷ ዛሬ ለምን ቀራችሁ ብትል ምን ልበላት?» አለ ክንዷን ተደግፎ እየተነሳ።

«እናትሽ በረመዳን ቀን ውሃ ጠጣች በላት። ሌላ አትጠይቅህም።»