ፊታውራሪ የተሸነፉ ለት

የአገሩ መሬት እኩሌታው፣ የዘይት መጭመቂያውና የጭነት መኪናዎቹ ደግሞ እንዳሉ የፊታውራሪ ነበሩ፤ የቀራቸው የፓርላማ ወንበር ብቻ ነበር። ለምርጫው ሰንጋ ጥለው ሲያበሉ፣ ጭሰኛው ሁሉ ጉልበታቸውን ስሞ "ከእርስዎ ሌላ ማን አለን?" ብሎ ምሎላቸዋል። ድምፁ ሲቆጠር ግን የተወዳደራቸው ያ ኮሳሳ አስተማሪ ተመረጠ።

ፊታውራሪ ቤታቸው ገብተው ካባቸውን ወረወሩት። "ጭሰኛ ከዳኝ። ነገ አንድ ሳላስቀር ከመሬቴ ነው የምነቅለው።"

ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች ካባውን አንስተው አጠፉት። "ድሆቹን ይተዉአቸው። አስተማሪውን ምረጡ ብዬ በየቤቱ የዞርኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ? ምን በድዬሽ?"

"ለሕክምና አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ፣ ፓርላማ ሲገቡ ሊያርፉበት ያሰናዱትን ቤት አየሁት" አሉ ወይዘሮ አማረች በእርጋታ። "በሩን የከፈተልኝ ልጅ ቁርጥ እርስዎን ነው።"