የጁኖ ጭድ

ሚኔርቫ የፊት እግሯን መወጣጫው ሳንቃ ላይ ታሳርፋለች፤ ኩምቢዋን ወደ ፉርጎው ውስጥ ትልካለች፤ አንዴ ታሸትትና እፍ ብላ እግሯን መልሳ መሬት ታወርዳለች። ይኸው ስድስተኛ ጊዜዋ ነው። ጠባቂዋ ኤመት ክሮል ስድስቱንም ጊዜ አብሯት ወጥቶ አብሯት ወርዷል፤ ያውም በስድሳ አራት ዓመት ጉልበት።

«ነይ እንጂ የኔ እመቤት» ይላታል። «ቤትሽ እኮ ነው። የማን ቤት መስሎሽ ነው?»

እሑድ ቀትር ነው፤ የኔብራስካ ምድር ፀሐይ አናት ይበሳል። እሑድ ትርዒት የለም። የሰርከሱ ባቡር ቀኑን ሙሉ ይጓዛል፤ ወንዝ ሲያገኝ ብቻ ከዋናው መስመር ወጥቶ ጎን ሐዲድ ላይ ይቆምና እንስሳቱን ያጠጣል። ግመሎቹ ጠጥተው ተጭነዋል። አንበሶቹም ከጋሪያቸው ሳይወርዱ ውሃው በባልዲ ደርሷቸዋል። የቀረችው ዝሆኗ ብቻ ናት፤ ሃያ ፉርጎ ሙሉ ሰውና አውሬ እሷን ይጠብቃል።

የጭነት አለቃው ሃስኬት ሰዓቱን እያየ ይመጣል። ትከሻው ላይ ጠመንጃ አንግቷል። ኤመት ጠመንጃውን አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

«የፖስታው ባቡር በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያልፋል» ይላል ሃስኬት። «እሱ እንዳለፈ መስመሩን ይለቁልናል፤ እንሄዳለን።»

«እሷ ካልተጫነችስ?»

«ሕጉን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ዝሆን ሜዳ ላይ ተጥሎ አይኬድም። እግዜር ያሳይህ፣ እኔስ ደስ ብሎኝ ይመስልሃል?»

ደስ እንዳላለው ፊቱ ያስታውቃል። ከሚያዝያ ጀምሮ በየምሽቱ መጫን፣ በየንጋቱ ማራገፍ የሁሉንም ፊት አንድ ዓይነት አድርጎታል።

ኤመት ያልሞከረው የለም። ዳቦ አሳያት፤ በኩምቢዋ ገፋችው። የምትሞትለትን የሚታኘክ ትምባሆ ሰጣት፤ ተቀብላ፣ አጣጥማ፣ ባለችበት ቆመች። የዝሆን መንጃ ሜንጦውን ጆሮዋ ሥር አስጠጋ፤ ትክ ብላ አየችውና እሱው አፍሮ አወረደው። የግመሎቹ ጠባቂ ዊልበር ፉርጎ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

«ኤመት፣ ባይሆን አንተ አዝላት!»

«አንተን የተሸከመ ግመል ጎብጦ ቀርቷል፤ ዝም በል!»

ሰዎቹ ይስቃሉ። ሳቁ ግን ጠመንጃው ጋ ሲደርስ ይሞታል።

ኤመት መወጣጫው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። ወገቡ ተቆርጧል። ከጀርባው ያለው ፉርጎ ፏ ብሎ ነጽቷል፤ ያጠበው እሱ ነው። ሐሙስ ንጋት ላይ ሌላዋ ዝሆን ጁኖ በጉዞ ላይ፣ እዚያው ከሚኔርቫ ጎን እንዳለች፣ ስትስል ቆይታ ሞተች። ሁለቱ ዝሆኖች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተጉዘዋል፤ ግራው የጁኖ፣ ቀኙ የሚኔርቫ ነበር። በሰርከስ ወግ እንስሳ የሞተበት ፉርጎ ጭዱ ተጥሎ በኖራ ውሃ ይታጠባል። ከከተማ ወደ ከተማ በሚደረገው ሩጫ ጊዜ ጠፍቶ ለዛሬ ቆየ። ሚኔርቫ ወንዝ ወርዳ ስትጠጣ ኤመት ተንበርክኮ ሳንቃ በሳንቃ ፈገፈገው። አግዙኝም አላለ። ለጁኖ ሊያደርግላት የሚችለው ነገር ይኸው ብቻ ነበርና እያለቀሰ አጠበው።

አሁን የኖራው ሽታ አፍንጫውን ይለበልበዋል። የሱን ተራ አፍንጫ እንዲህ ካደረገ፣ የሷንማ አስቡት። ሐሙስ ማታ፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም ሳታንገራግር ገብታለች። ጁኖ ባትኖርም ጠረኗ እዚያው ነበረ። ኤመት ብድግ ይላል።

«አይ አንተ ጅል!» ራሱን ነው የሚሳደበው። «ሊኩሏት ሲሉ አጠፏት ማለት ይሄ ነው!»

ቁልቁለቱን እየተንሸራተተ ይወርዳል። ጭዱ ከሐዲዱ ግርጌ፣ ቅድም የጣለበት ቦታ ተከምሯል፤ ረጥቧል፣ ይከረፋል፣ ዝንብ ወሮታል። የቻለውን ያህል ደረቱ ላይ ታቅፎ ይወጣል።

«ምን እያደረግህ ነው?» ይላል ሃስኬት።

«ያጠብኩትን እያቆሸሽኩ።»

«አብደሃል እንዴ? የበሽተኛ ጭድ እኮ ነው!»

«ይቺም ሦስት ሌሊት ተኝታበታለች። ከዚህ ጭድና ካንተ ጥይት የትኛው ይሻላታል?»

ሃስኬት ጭዱን ያያል፤ ሚኔርቫን ያያል። ከዚያ ጠመንጃውን ሣሩ ላይ ያጋድምና «መንሽ አምጡ!» ብሎ ይጮኻል። ዊልበርም ከጣሪያው ዘሎ ይወርዳል። አምስት ሆነው ጭዱን ከግራ በኩል ሲያነጥፉት የፖስታው ባቡር ከሩቅ ያፏጫል።

ሚኔርቫ ኩምቢዋን ትልካለች። ታሸትታለች። ደግማ፣ ረዘም አድርጋ ታሸትታለች። ከዚያ መወጣጫው ከሥሯ እያቃሰተ፣ ማንም ሳይነካት ትገባለች።

«ዝጉት!» ይላል ሃስኬት፤ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ በእጅጌው ያብሳል። የፖስታው ባቡር አቧራውን እያነሳ ያልፋል።

በሩ ሲዘጋ ኤመት ከውስጥ ነው። የሚያድረው እዚያው፣ ከበሩ በላይ በተሠራች ቆጥ ላይ ነው። ልብሱ ላይ የቀረውን ጭድ እንኳ አላራገፈም። ሚኔርቫ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች፤ ፉርጎው እንዲያ ሰፍቶ ሳለ የጁኖን ቦታ ባዶ ትታዋለች። ኩምቢዋ ጭዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈልጋል፤ ይመለስና እንደገና ይፈልጋል። ኤመት ማየቱ ያቅተዋል። ወደ ቆጡ ሊወጣ ሲል ኩምቢዋ የጁኖን ጭድ ጠረን የጠገበ ኮቱን ያገኘዋል። ወገቡን ጥምጥም አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ግራ ትስበዋለች።

«እኔ ነኝ እኮ» ይላታል። «እሷ አይደለሁም፣ የኔ እናት። እሷ አይደለሁም።»

ባቡሩ ተንገጫግጮ ይነሳል። ኤመት ሊቆም ይሞክራል፤ ኩምቢዋ ትከሻው ላይ ይከብድና ያስቀምጠዋል። ደግሞ ይሞክራል፤ ደግማ ታስቀምጠዋለች። ቀና ብሎ ቆጡ ላይ የተጣጠፈውን ብርድ ልብሱን ያየዋል። ከዚያ ቦት ጫማውን አንድ በአንድ ያወልቅና በስተግራ ጋደም ይላል።