ጸጥ ማለት የነበረበት ብልቃጥ

ዮሐና ሜርስታ ካለው የአክስቷ ቤት ተመልሳ ኩሽና ስትገባ መስኮቱ ላይ ያሉትን ሁለት ብልቃጦች አየችና ጥርሷን ነከሰች። በሁለቱም ውስጥ አረንጓዴው አልጌ ብርሃን በሚመጣበት በኩል ተሰብስቧል።

መሰብሰብ የነበረበት የግራው ብቻ ነው።

አልጌዋ አንዲት ሕዋስ ናት፤ በሁለት ጭራዎች ትዋኛለች። ብርሃን ሲነካት በስስ ሽፋኗ ውስጥና ውጭ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ይለወጣል፤ በሮች ተከፍተው ካልሲየም ይገባል። ጭራዎቿ ወደ ብርሃኑ የሚያዞሯት ያኔ ነው። ውሃው ካልሲየም ከሌለው ግን መዞሪያው ይጠፋታል። ዮሐናና የክፍል ጓደኛዋ ሊና በመጨረሻ ዓመት ሥራቸው ሊያሳዩ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። የግራው ብልቃጥ ካልሲየም አለው፤ የቀኙ የለውም።

ሰኞ በፖስተር ያቀርባሉ። ያሸነፉት ጥንድ የበጋ ዕረፍታቸውን ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራሉ። ዮሐና ዓመቱን ሙሉ ስለሌላ ነገር አላሰበችም።

ትምህርት ቤቱ ለፀደይ ዕረፍት ሲዘጋ ብልቃጦቹን ሁስቢ ወዳለው ቤታቸው አመጣቻቸው። እናቷ ወይዘሮ ተጂቱ ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ጸሎት የሚያደርሱት እዚያው መስኮት አጠገብ ነው። ቢሆንም ቦታውን አልከለከሏትም።

«ይቺኛዋ ምነው ፈዘዘች?» አሏት በዚያ ሰሞን፣ የቀኙን እያዩ። «ያችኛዋ እንዴት ታምራለች።»

ዮሐና ስልኳ ላይ ነበረች። ማብራራቱ ሰለቻት።

«አሟት ነው፣ እማዬ።»

«ውይ» አሉና ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ሊና የአጎራባቹ ሰፈር የቴንስታ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ሰው ቤት ስትገባ ፍሪጅ የምትከፍተው ሳትጠይቅ ነው። አንድ ቀን ከወተቱ ኋላ ያለችውን ሃይላንድ አንስታ ልትጠጣ ስትል ወይዘሮ ተጂቱ ከእጇ ነጠቋት።

«እሱን ተይው፤ ቧንቧ አለልሽ።»

ሊና ሳቀች። ዮሐና ያኔ አፍራ ነበር። አሁን ስታስታውሰው ግን በሊና ተናደደች።

ሜርስታ አክስቷ ዘንድ በሰነበተችበት ጊዜ ከብልቃጦቹ የተነነውን ውሃ ስትተካ የነበረችው ሊና ናት። መተካት የነበረባት ከትምህርት ቤት በጀሪካን ባመጡት የተጣራ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ፣ እንደ ማንኛውም ያልተጣራ ውሃ፣ ካልሲየም አለው።

ደወለችላት። ሊና መጥታ ጃኬቷን ሳታወልቅ ኩሽናው በር ላይ ቆመች።

«የቧንቧ ውሃ ጨመርሽበት» አለች ዮሐና።

ሊና በስዊድንኛ መለሰች። ከተጣራው ሌላ ጠብታ እንዳልነካች ተናገረች።

«ታዲያ ካልሲየሙ ከሰማይ ወረደ?»

«ምን አውቄ። ያሉት እናንተ ቤት ነው።»

«ጀሪካኑን ማንሳት ከበደሽ፣ ቧንቧው ቀረበሽ። ሁልጊዜ እንደዚሁ ነሽ። እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ስምሽን ትጽፊያለሽ።»

የሊና ፊት ቀላ። በአማርኛ ተናገረች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች።

«እኔ አልዋሽም። አንቺን አልዋሽም።»

ዮሐና ስልኳን አንስታ እዚያው ፊቷ ለአስተማሪያቸው ጻፈች፤ ሊና ሙከራውን አበላሽታለች፣ ብቻዬን ላቀርብ። ላከችው። ከዚያ መቀስ አንስታ ከፖስተሩ ላይ የሊናን ስም ቆርጣ ጣለች።

ሊና ቁራጩን ከወለሉ አነሳችና ኪሷ ከተተችው። በሩን ስትዘጋው የኩሽናው ብርጭቆ ሁሉ ተንቀጫቀጨ።

ወይዘሮ ተጂቱ ከጓዳ ወጡ።

«ምነው፣ ልጅቷ ሳትበላ ሄደች?»

ዮሐና መቀሱን መሳቢያ ውስጥ መለሰች።

እናቷ ፍሪጁን ከፍተው ያቺን ሃይላንድ አወጡ። ባዶ ነበረች። ወደ መስኮቱ ሄደው የቀኙን ብልቃጥ ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው በራ።

«ጸበሉ አለቀ እንጂ፣ ያቺ የታመመችው ድናልሻለች።»